ስንት ክረምት ይችላል?

በየከተማው ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ ልብስ የሚገዛና ልብስ የሚመረምር። ገዢው አይመረምርም፣ መርማሪውም አይገዛም። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ተገናኝተው ቢያውቁ ኖሮ ከልብስ ፋብሪካዎች ግማሾቹ ይዘጉ ነበር።

መርማሪውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ሸሚዙን አንስቶ ፊቱን ሳያይ ውስጡን ይገለብጣል። ስፌቱን ይስባል፣ ያሸታል፣ ያኮርፋል። ሻጩ "እሺ፣ ስንት ልበል?" ሲለው ሸሚዙን ከነበረበት አሳምሮ አጥፎ ያስቀምጥና ወደሚቀጥለው መደብ ያልፋል። እንዲህ ያለ ሰው በየከተማው አንድ አይጠፋም። የሶዶው ግን የሁሉም አለቃ ናቸው። ጎረቤቴም ናቸው።

ክቡር አቶ ሚልክያስ ዳና፣ የስፌት ዋና መርማሪ፣ የቁልፍና የዚፕ የበላይ ጠባቂ፣ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የሕንፃ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ሲፈልጉ ኖሩ። ጡረታ ሲወጡ ግድግዳ የሚያሳያቸው ሰው ጠፋ። ስንጥቅ የመፈለግ አመሉ ግን አብሯቸው ቀረና፣ ድሮ በእረፍት ቀን ብቻ ይወርድበት ወደነበረው ልብስ ገበያ ጠቅልሎ ወረደ።

ምርመራው ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ግልበጣ ነው። "ፊቱን ተወው፣ ፊት ሁሉም ሰው አለው" ይላሉ። ከዚያ ስፌቱን በሁለት አውራ ጣታቸው ይዘው ግራና ቀኝ ይስቡታል። ክሩ ጥርሱን ካሳየ ጉዳዩ ተዘጋ። ካላሳየ ጨርቁን ወደ ሰማይ አንስተው በውስጡ የዳሞታን ተራራ ይፈልጋሉ። ዳሞታ ከታየ ጨርቁ ስስ ነው። ዳሞታ በጉም በተሸፈነበት ቀን ምርመራው ለሌላ ጊዜ ይቀጠራል። ከዚያ ቁልፍ ማጣመም፣ ዚፕ ማመላለስ አለ። በመጨረሻም ከጠርዙ አንዲት ክር መዘው ክብሪት ይለኩሱባታል። ጥጥ ከሆነች አመድ ትሆናለች፣ ላስቲክ ከሆነች ታለቅሳለች።

"ጋሼ፣ ልብሱን ሊገዙ ነው ወይስ ሊያቃጥሉት?" ይላቸዋል ጦና። ጦና ቦንዳ ነጋዴ ነው፤ ከውጭ ተጠቅልሎ የሚመጣውን ልባሽ ልብስ ፈትቶ ሸራ ላይ ዘርግፎ ይሸጣል።

"ልብስ መሆኑን እያረጋገጥኩ ነው።"

"እና ምን ሆኖ አገኙት?"

"ፌስታል። እጅጌ ያለው ፌስታል።"

ይህን ሁሉ ያለፈ ልብስ የመጨረሻው ጥያቄ ይጠብቀዋል። "ስንት ክረምት ይችላል?"

አዲስ ሻጭ ከሆነ ይሳሳታል። "አሥር ዓመት ጋሼ!" ይላል።

"ዓመት አልጠየቅኩህም። በበጋ ማንም ይኖራል። ክረምት ነው ያልኩህ።"

ጦና ግን ነባር ነው። "ከእርስዎ በላይ ይኖራል" ይላል።

"እኔን መለኪያ አታድርገኝ። እኔ የተሰፋሁት ድሮ ነው።"

አንድ ቀን ግን አንድ ልብስ ሁሉንም ፈተና አለፈ። ጥቁር የሱፍ ካፖርት ነበር፣ ገበሩ በእጅ የተሰፋ። የቦንዳ ገበያ ሕግ ደግሞ የታወቀ ነው። ጠዋት፣ ጥቅሉ እንደተፈታ፣ ዋጋው ውድ ነው። ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። ስለዚህ ብልጥ ገዢ ጠዋት ያገኘውን ጥሩ ልብስ ከክምሩ ሥር ቀብሮ ይሄድና ከሰዓት ይመለሳል። ጋሼ ሚልክያስም ቀበሩ። ቤታቸው ሄደው ምሳቸውን በሉ። ሲመለሱ ሸራው ባዶ ነው። ክምሩን አንድ የሁምቦ ነጋዴ በጅምላ ወስዶታል።

የሱፍ ካፖርት ወደ ሁምቦ! ሰው ሸሚዙን ለማውለቅ ሰበብ ወደሚፈልግበት ቆላ!

በሳምንቱ ተከትለውት ሄዱ። ካፖርቱን ያገኙት አንድ አህያ ጋሪ ላይ ነው፤ ባለጋሪው አጥፎ ተቀምጦበታል። ሰውየውን አስነሥተው ገለበጡት። ማታ በአጥራችን ላይ ጠሩኝና ፊታቸው በርቶ ነገሩኝ።

"በበቆሎ ጆንያና በሰው መቀመጫ መሃል ነው የከረመው። ስፌቱ ንክች አላለም!"

"ታዲያ ገዙት?"

"ሰውየው 'ወንበሬን አልሸጥም' አለኝ። ልክ ነው። እኔም ብሆን አልሸጠውም።"

ሰላምታቸውም ምርመራ ነው። ቀኝ እጃቸው ሲጨብጣችሁ ግራ እጃቸው የኮታችሁን ጠርዝ እያሻሸ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ እሳቸውን ሲያይ እጁን የሚዘረጋው ከሩቅ ሆኖ ነው፣ ኮቱን ለማስቀረት። አንድ ሠርግ ላይ ሙሽራውን አቅፈው ሲስሙት ጆሮው ላይ ያሉትን አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰምቻለሁ። "እንኳን ደስ አለህ ልጄ። እጅህን ወደ ላይ አታንሳ፤ ብብቱ አያስተማምንም።" ቀጥሎ የመጣው መዝሙር እጅ የሚያስነሣ ነበር። ሙሽራው አነሣ። የመቀደዱ ድምፅ እስከ ኋላ ወንበር ተሰማ።

የሚያሳዝነው ልክ መሆናቸው ነው። ከሳቅን በኋላ ሁላችንም ቤታችን ገብተን እናውቀዋለን። ባለፈው ዓመት የገዛሁት ሱሪ ከመታጠቡ በፊት ሱሪ ነበር፤ ከታጠበ በኋላ የልጄ ሆነ። ልጄም አልፈለገችውም። ጥሩ የተባለው ሱቅ ገብተህ ጥሩ የተባለውን ዋጋ ብትከፍልም የምታገኘው ያው ነው፣ ማንጠልጠያው ብቻ ይለያል። አባቴ አንድ ካኪ ኮት ነበረው፤ እሱ ለብሶት፣ ወንድሜ ለብሶት፣ ከዚያ እኔ ለብሼው ነው ትምህርት የጨረስኩት። ዛሬ እንዲህ ያለ ልብስ የት ይገኛል ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱን የሚያውቁት ጋሼ ሚልክያስ ናቸው። አህያ ጋሪ ላይ ነው።

ታዲያ እኚህ ሰው ራሳቸው ምን ይለብሳሉ? ምንም። ምንም የሚያልፍ ስለሌለ ምንም አይገዙም። በሶዶ ከተማ ስለ ልብስ ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ሰው ከሁሉ የባሰ የለበሱት ናቸው። የሸሚዛቸው ኮሌታ ሲያልቅ ባለቤታቸው ፈትተው ገልብጠው ይሰፉታል። ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ ቀለሙን ረስቷል።

አንድ ልብስ ብቻ አላቸው የሚኮሩበት። ባለቁልፍ ሹራብ ነው፣ ወይን ጠጅ ቀለም። ከሃያ ዓመት በፊት ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ከቦንዳ ላይ አንስተው የገዙት። ግልበጣውን፣ ስበቱን፣ ዳሞታን፣ ክብሪቱን አልፏል። ገበያ ውስጥ ክርክር በተነሣ ቁጥር ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው እሱ ነው። እጅጌያቸውን ዘርግተው ለጦና ያሳዩታል።

"ይኸው! ሃያ ክረምት! ጥሩ ሱፍ ሲታጠብ ይታደሳል!"

እውነትም ይታደስ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ። መስከረም ላይ ክርኑ የሳሳው ሹራብ ኅዳር ላይ ክርኑ ሞልቶ ይታያል። ሌላ ጊዜ ለእያንዳንዱ ቃላቸው መልስ የማያጣው ጦና በዚህ ጊዜ ዝም ብሎ ልብስ ያጣጥፍ ነበር። ዝምታው ገርሞኝ ያውቃል። ምክንያቱን ያገኘሁት ግን ሌላ ነገር ፍለጋ ሄጄ ነው።

ለልጄ ለማኅሌት የዩኒፎርም ሹራብ ላሠራ ሩታ ዘንድ ሄድኩ። ሩታ በማሽን ሹራብ ትሠራለች፤ በሰፈራችን ላለው ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሹራብ የምታቀርበው እሷ ናት። የትምህርት ቤቱ ቀለም ወይን ጠጅ ነው። ሱቋ በራፍ ላይ እትዬ ብሩክታይት ተቀምጠዋል፤ የጋሼ ሚልክያስ ባለቤት። ጉልበታቸው ላይ ገና ከማሽን የወረደ ወይን ጠጅ ሹራብ አለ። ክርኑን በልብስ ብሩሽ እየፈገፈጉት ነው።

"እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

ቀና ብለው አዩኝና ፍግፈጋውን ቀጠሉ። "እያስረጀሁት ነዋ።"

"ምኑን?"

"የጋሼህን ሹራብ።"

ሹራቡን አየሁት። ቁልፎቹን አየሁ። እሳቸውን አየሁ። ሩታ ማሽኗን ሳታቆም ሳቀች።

"ትልቁ ቁጥር ነው" አለች፤ "የአሥራ ሁለተኛ ክፍል። ጋሼ ሚልክያስ አሥራ ሁለተኛን ስንቴ እንደደገሙ እዚህ ቤት ብቻ ነው የሚታወቀው።"

"ገበያው በሙሉ ያውቃል፣ ምን እዚህ ብቻ" አሉ እትዬ ብሩክታይት። "አንተ ጋዜጠኛ ነኝ ትላለህ፣ ካንተ በቀር ሁሉ ያውቃል።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ሹራብ በእውነት ጥሩ ነበር። ጋሼ አልተሳሳቱም። በሁለተኛው ዓመት ግን እትዬ ብሩክታይት አንሶላ ሊቀቅሉ የፈላ ውኃ ውስጥ ከነጭ ልብስ ጋር ከተቱት። ሲያወጡት ለሕፃን ልጅም ጠቦ ነበር። በዚያው ቀን ሩታ ዘንድ መጥተው የሚመስለውን ገዙ። ከዚያ ወዲህ እየተመላለሱ ነው፣ ምክንያቱም የሩታ ሹራብ ሁለት ክረምት አይችልም።

"እትዬ፣ እሰማለሁ እኮ" አለች ሩታ።

"ስሚ። ውሸት ነው?"

"በዚህ ዋጋ ክርም አይገኝም፤ እኔ ምን ላድርግ?"

"ፈርተዋቸው ነው ያልነገሯቸው?" አልኩ።

"እሱን? ምኑን እፈራዋለሁ!" ብሩሹን አቆሙ። "አሳዘነኝ እንጂ። ዕድሜውን ሙሉ ሲገለብጥ አንድ ልብስ ነው ያለፈለት። እሱንም እኔ ቀቀልኩብህ ልበለው?"

"ሲገለብጡት አያዩም?"

"እሱ የሰውን እንጂ የራሱን መቼ ይገለብጣል።"

ከዚያ ሹራቡን ገልብጠው መርፌ አወጡና ብብቱን በጥቁር ክር ይሰፉ ጀመር። ጥቅጥቅ ያለ፣ ደቃቅ ስፌት። ወይን ጠጅ ላይ ጥቁር ክር ምን ይሠራል ብዬ ጠየቅኩ።

"ያለኝ እሱ ነው። ደግሞ ከውስጥ ነው፣ ማን ያያል? የዚች ልጅ ማሽን ብብት ላይ ሰነፍ ነው። ገበያ መሃል ቢተረተርበት ልቡ ነው የሚተረተረው።"

ጥርሳቸው መሃል ያለውን ክር በጠሱ። ጋሼ አናደዋቸው ያውቃሉ ወይ ብዬ ለጨዋታ ጠየቅኳቸው። እሳቸው ግን ለጨዋታ አልመለሱም።

"አንድ ጊዜ። ልጃችን ህብረት ከዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ። ልብስ ነጋዴው አቤ ሱቅ አንድ ሰማያዊ ቀሚስ ተሰቅሎ ነበር፣ አንገቱ ዙሪያ ነጭ ያለው። ስመላለስ አይቼው አይቼው አንድ ቀን ጋሼህን ይዤው ሄድኩ። ገለበጠዋ! ገበሩ በሙጫ የተለጠፈ ነው፣ አንድ ክረምት አይችልም አለኝ። እውነቱን ነው፣ በሙጫ ነበር። ግን ክረምቱን ማን ጠየቀው? ለምርቃቷ ነበር የፈለግኩት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አሮጌዬን ለብሼ ተነሣሁ። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል፣ አይተኸዋል።" ሹራቡን አጠፉና ፌስታል ውስጥ ከተቱ። "በል፣ ማል አልልህም፤ እኛ አንምልም። ቃል ስጠኝ ግን። ከአፍህ እንዳይወጣ።"

ቃል ሰጠሁ። ለጋዜጠኛ ይከብዳል፣ ግን ጠበቅኩት።

እትዬ ብሩክታይት ባለፈው ሚያዝያ አረፉ። ሕመማቸው አጭር ነበር። ድንኳኑ እኛም ግቢ ድረስ ዘልቆ ተተከለ። ከቢጠናም ከዱቦም ሰው መጣ፤ ሰው ሁሉ ኮት ለብሶ፣ ወንዱ ሁሉ እየተሰለፈ ጋሼ ሚልክያስን እየጨበጠ አለፈ። ቀኝ እጃቸውን ሰጡ። ግራ እጃቸው ከሹራባቸው ኪስ አልወጣችም። የማንንም ኮት አልነኩም። መጋቢው እንኳን ቀረብ ብሎ ቆሞላቸው ነበር።

ክረምቱ ገባ። ጋሼ ሹራባቸውን ለበሱ። ሐምሌ ላይ ክርኑ ሳሳ፣ ነሐሴ ላይ ግራ እጅጌው ከጫፉ መተርተር ጀመረ። የተንጠለጠለው ክር ሻይ ሲጠጡ ብርጭቆ ውስጥ ይነከርባቸዋል። እሳቸው ጠቅልለው ወደ ውስጥ ይከቱታል፤ እሱ ተመልሶ ይወጣል። ገበያ መሄድ ተዉ። ልብስ ጠፍቶ አይደለም። ማስረጃው ስለተበላሸ ነው።

አንድ ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ አጥሩ ላይ አገኘኋቸው።

"ዘንድሮ ሲታጠብ አልታደሰም" አሉኝ።

ምን ልበል? "ውኃው ይሆናል" አልኩ።

"ይሆናል። ውኃው ይሆናል።"

ባለቤታቸው ሄደዋል። ልጃቸው ሐዋሳ ነው የምትሠራው። በዚህ ዓለም ላይ ልክ ነበርኩ የሚሉበት አንድ ነገር ቀርቷቸዋል፣ እሱም ከእጃቸው ላይ በክር በክር እየሄደ ነው። ኮቴን አንስቼ ሩታ ዘንድ ሄድኩ።

ሩታ ስታየኝ ገባት። ራሷን ነቀነቀች።

"ወይን ጠጅ የለም። ትምህርት ቤቱ ከዘንድሮ ጀምሮ ሰማያዊ ሆኗል።"

"አንድ ብቻ ሥሪልኝ።"

"በምን ክር? ክሩ ራሱ መምጣት አቁሟል። ለእትዬ የመጨረሻውን አስቀምጬላቸው ነበር እኮ፣ አንድ ልጅ የራሱ ጠፍቶበት መጥቶ አልቅሶብኝ ወሰደው።" ትንሽ አሰበች። "ቢጠና በኩል አንድ ትምህርት ቤት አሁንም ወይን ጠጅ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ይሁን አይሁን እንጃ።"

በገበያ ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ ቢጠና ወረድኩ። እውነት ነበር። መብራት የምትባል ሴት የተማሪ ልብስ ዘርግታ ትሸጣለች፤ መሃሉ ላይ ወይን ጠጁ ተቆልሏል። ትልቁን አነሣሁ። ገለበጥኩት። ብብቱን በአውራ ጣቶቼ ሳብኩ። ክሩ ጥርሱን አሳየ። ሌላ አነሣሁ፣ እሱም አሳየ። ሦስተኛውን ወደ ሰማይ ሳነሣ ሴትየዋ ሳቀችብኝ።

"ጋሼ ሚልክያስ ዘመድህ ናቸው እንዴ?"

"እንዴት አወቅሽ?"

"ይሄ አያያዝ የሳቸው ነው። እዚህም መጥተው ያውቃሉ፤ ቀኑን ሙሉ ገልብጠው አንድም ሳይገዙ ሄዱ። ልጁ ስንተኛ ክፍል ነው?"

"አሥራ ሁለተኛ።"

"ትልቅ ልጅ ነው?"

"ሰባ ሊሞላው ነው።"

ከጎኑ ሌላ ሹራብ ነበር፤ ግራጫ፣ ስፌቱ ድርብ፣ ክሩ ወፍራም። ዋጋውም ያው ነው። ስንት ዓመት ስፈልገው የኖርኩት ዓይነት። መልሼ አስቀመጥኩትና የባሰውን ገዛሁ።

ቤቴ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ክርኑን በብሩሽ ፈገፈግኩ። ፀሐይ ላይ ሰጣሁት፣ አጠብኩት፣ እንደገና ፈገፈግኩት። ማኅሌት ከክረምት ትምህርት ስትመለስ ቆማ አየችኝ።

"አባ፣ ሹራቡ ምን አጥፍቶ ነው የምትቀጣው?"

የጋሼን ሹራብ ከእጃቸው መውሰድ ከባድ አልነበረም። እኛ ቤት ልብስ የምታጥብ ሴት ትመጣለች፣ የእርስዎንም አብራ ትጠበው አልኳቸው። አውልቀው ሰጡኝ። በነጋታው አዲሱን አጥፌ ይዤላቸው ገባሁ።

ሳሎን ተቀምጠዋል። "ታጠበ?" አሉ።

"ታጠበ። ደግሞ ይመልከቱት፣ ታድሷል።"

ተቀበሉኝ። አልለበሱትም። ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱና ሳየው የማላውቀውን ነገር አደረጉ። የራሳቸውን ሹራብ ገለበጡት። ብብቱን በአውራ ጣቶቻቸው ይዘው ቆዩ፤ አልሳቡትም።

"ጥቁሩ ክር የለም" አሉ።

ሹራቡን ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

"ቢጠና ነው?"

"አዎ።"

"አንገቱ ይሰፋል የቢጠናው።" ዞር አላሉም። "ደክመሃል። አመሰግናለሁ።"

"ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?"

"ከሁለተኛው። የመጀመሪያው ቁልፉ የቀንድ ነበር፤ ሁለተኛው ላስቲክ ሆኖ መጣ። የሕንፃ ተቆጣጣሪ እኮ ነኝ። የገዛ ቤቴ ግድግዳ ሲቀየር አላይም?"

"ታዲያ ሲታጠብ ይታደሳል እያሉ ገበያ መሃል..."

"እሷ እንድትሰማው ነዋ። ወሬው ይደርሳት ነበር። ያን ሰሞን ቤት ውስጥ ስትሥቅ ትውላለች።"

ሹራቡን ገልብጠው ወደ ፊቱ መለሱና ለበሱት። አንገቱ እንዳሉትም ሰፊ ነው። ቁልፉን ከታች ወደ ላይ እየቆለፉ፣ ለኔ ይሁን ለመስኮቱ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

"ሹራቡ አይረባም፣ ሁሌም። ብብቱ ላይ ያለው ግን... ገበያ ውስጥ ስንት ዓመት ስገለብጥ እንደዚያ ያለ ስፌት አላየሁም። ጨርቁ ሲያልቅ እሱ ይቀር ነበር። ጎበዝ ነሽ ልላት ስንቴ አፌ ላይ መጥቷል። ብላት ማየቴን ታውቃለች። ስለዚህ ዝም አልኩ።"

ግድግዳው ላይ የህብረት የምርቃት ፎቶ አለ። ህብረት በጥቁር ካባ መሃል ላይ ቆማለች። ጋሼ በወይን ጠጅ ሹራብ፣ እትዬ ብሩክታይት ብዙ በታጠበ ቡናማ ቀሚስ። ጋሼ ፎቶውን ሲያዩት እኔም አየሁት።

"ስለ ቀሚሱ ነግራሃለች?" አሉ።

"ነግረውኛል።"

"ለአንድ ቀን ነበር የፈለገችው።" የመጨረሻውን ቁልፍ ቆለፉ። "አንድ ቀን ደግሞ ይችል ነበር።"

እኔም ሻይ አልጠጣሁም፤ ወጣሁ።

ጊፋታ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው በአጥሩ ላይ ጠሩኝ። ህብረት ለበዓሉ ከሐዋሳ ትመጣለች፤ ገበያ አብረን እንውረድ አሉ። የሶዶን የጊፋታ ገበያ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሰው ከሰው ጋር ይተሻሻል፣ ባጃጅ መንገድ ያጣል፣ ያለው ሁሉ አዲስ ልብስ ይገዛል፣ የሌለው ለልጁ ይገዛል። ጦና ከሩቅ አያቸውና ሸራው ላይ ቆመ።

"ጋሼ! ይኸው ቦንዳ ፈትቻለሁ! ክብሪቱን ይዘው ይምጡ!"

እጃቸውን አውለብልበውለት አለፉ። አቤ ሱቅ ገቡ። አቤ ከባንኮኒው ኋላ ብድግ አለ፤ ፊቱ ላይ የግብር ሰብሳቢ ያየ ሰው ዓይነት ነገር ነበር።

"ሰማያዊ ቀሚስ አለህ?" አሉት።

ነበረው። አንገቱ ዙሪያ ነጭ አልነበረውም፣ ሰማያዊነቱ ግን ሰማያዊ ነው። አቤ አውርዶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋውና እጁን ሰብስቦ ምርመራውን ጠበቀ። ጋሼ ሚልክያስ ፊቱን አዩት። ፊቱን ብቻ። በእጃቸው ጀርባ አንድ ጊዜ ዳሰሱት።

"ጠቅልልልኝ።"

አቤ አልተንቀሳቀሰም። "አልገለበጡትም።"

"አላስፈለገም።"

"ኧረ ጋሼ፣ ይገልብጡት! ምን በድዬዎት ነው? ሰው እያየን ነው።"

እውነትም ሰው እያየን ነበር። ጦና ሸራውን ትቶ በሩ ላይ መጥቶ ቆሟል። "አሟቸዋል እንዴ?" አለኝ በሹክሹክታ።

አቤ ቀሚሱን ወደሳቸው ገፋው። "ስንት ክረምት ይችላል ብለው እንኳን አይጠይቁኝም?"

"ልጄ የምትለብሰው ለጊፋታ ነው። ጊፋታን ከቻለ ይበቃል።"

ከኪሳቸው ገንዘብ አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩ። ዋጋ አልተከራከሩም። አቤ ከመጠቅለሉ በፊት ገንዘቡን ሦስት ጊዜ ቆጠረ ብል አጋነንኩ ትላላችሁ፤ ጦናን ጠይቁት። ፌስታሉን ለኔ ሰጡኝና ከፊት ከፊት ሄዱ፤ በሰፊ አንገት ወይን ጠጅ ሹራብ፣ ትከሻቸው ከሰው ትከሻ ጋር እየተጋጨ፣ የማንንም ኮት ሳይነኩ።

ባጃጅ ስንጠብቅ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ቆሙ። ፌስታሉን ከፈት አድርጌ የቀሚሱን ጠርዝ በሁለት ጣቴ ገለበጥኩት።

ገበሩ በሙጫ ነው የተለጠፈው።

ፌስታሉን ዘጋሁት። ባጃጁ መጣ፣ ተሳፈርን።